የቦሌ መንገድ ጥዶች

ምንም ሳይሠራ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው ማየት የሚፈልግ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት መጥቶ ዶክተሩን ይመልከት ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ጠዋት ፈርመው የሚወጡ፣ ከሰዓት በኋላ ለመፈረም የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። በመካከሉ የት እንደሚውሉ የሃያ ሁለት ሻይ ቤቶች ያውቃሉ።

መሥሪያ ቤታችን ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነበር። የደን ምርምር ይሠራበታል የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሳሎኑን ኃላፊው ይዞታል፤ መኝታ ቤቶቹን ሒሳብ ክፍልና መዝገብ ቤት ተካፍለዋቸዋል። ለምርምር የተረፈው መታጠቢያ ቤቱ ነበር። ዶክተሩ የነጋዴውን ገንዳ በአፈር ናሙና ሞልተው፣ እጅ መታጠቢያው ላይ ጣውላ አጋድመው ይጽፉበታል። እኔ ከጎኑ ባለችው፣ ድሮ ልብስ ይተኮስባት በነበረች ክፍል ካርታና ግራፍ እሠራ ነበር። ሙያውን የለመድኩት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ከገዛሁት የንድፍ መጽሐፍ ነው፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ኃላፊው ይህን ስለሚያውቅ ሥራዬን ሳያየው ይነቅፈዋል፣ ካየው በኋላ ደግሞ ይፈርምበታል።

የዶክተሩ ሙያ የደን ሥነ ምኅዳር ነው። ዛፍ ከዛፍ፣ ዛፍ ከወፍ፣ ዛፍ ከፍየል ጋር እንዴት እንደሚኖር ማጥናት ማለት ነው። ከኮተቤ በላይ ባለው ተዳፋት፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር የተያያዘ መሬት ከአብዮቱ በፊት በሽቦ አሳጥረው ነበር። አሳጥረው ምን ተከሉበት? ምንም። ዘበኛ ቀጥረው ጠበቁ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያረጁ ጥዶችና ወይራዎች አሉ። ወፍ ፍሬያቸውን በልታ ሽቦው ውስጥ ባለ የአጋም ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፤ ዘሩን እዚያው ትጥላለች። ችግኙ እሾሁ ሥር ይበቅላል። ፍየል አፏን አታስገባም፣ ፀሐይም አናቱን አትመታውም። ቁመቱ ከቁጥቋጦው ሲያልፍ ማንም አይችለውም። ቁጥቋጦውን «ጫካ ነው» ብሎ የመነጠረ ሰው ግን ዛፉንም አብሮ መንጥሯል። ነገሩ ሲነገር ይኸው ነው፤ ለማረጋገጥ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። እያንዳንዱ ጥድ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለች የቆርቆሮ ቁጥር ነበረው። ቁመቱ በየዓመቱ ይለካል፣ እኔ ግራፉ ላይ አኖረዋለሁ።

ውጤቱ በውጭ አገር መጽሔቶች ይታተም ነበር። ከማናውቃቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ይመጣል፤ አንዱ ዘዴውን ይጠይቃል፣ ሌላው በራሱ አገር ሞክሮት እንደተሳካለት ያበስራል። ዶክተሩ የጽሑፎቻቸውን ቅጂ እዚህም ለየመሥሪያ ቤቱ ይልኩ ነበር። አንዱን ቅጂ ከበላይ መሥሪያ ቤታችን፣ ከሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር፣ አራት ላይ ታጥፎ አግኝቼዋለሁ። ጠረጴዛው መወዛወዙን አቁሟል። ስለዚህ ጥናቱ ለአገር አልጠቀመም ማለት አይቻልም።

በዚያ ዘመን ደን ማለት የክረምት እሑድ ነበር። ቀበሌው ጥሩምባ ያስነፋል። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሊወስድ ሲሄድ የት እንደነበረ ስለሚጠየቅ ሁሉም ይወጣል። የባሕር ዛፍ ችግኝ በጥቁር ፕላስቲክ እንደታሰረ በመኪና ይመጣል። ፕላስቲኩን ቀዶ መትከል ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል። ቀትር ላይ ቆጣሪው መጥቶ ቆሞ ያገኘውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ በማግስቱ በራዲዮ ይነገራል። ሥሩ ፕላስቲክ ውስጥ የታፈነ ችግኝ በጋውን አያልፍም፤ በበጋ ግን የሚቆጥር የለም። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ኮረብታ ላይ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንደገና እንተክላለን። አንዳንዴ ያለፈውን ዓመት ፕላስቲክ አውጥተን ነው አዲሱን የምናስገባው።

ዶክተሩ አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ፣ ችግኝ የሚቆጠረው በተተከለ ቀን ሳይሆን በጋው ሲያልቅ፣ ግንቦት ላይ ቢሆን ምን ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ። ስብሰባውን የሚመራው ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከ ካድሬ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር ይባላል፤ ዛፍን ከስልክ እንጨት የሚለየው በቅጠሉ ነው። ጥያቄውን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ይህ ቁጥርን የመቀነስ ዝንባሌ ነው ብሎ በቃለ ጉባኤ አስያዘው።

እንግዶች የሚመጡበት ዓመት ሲደርስ ያው ሰው የማስዋብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ለአብዮት በዓል ከወንድም አገሮች የሚመጡ ልዑካን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው መሀል ከተማ እስኪገቡ፣ መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ሆኖ እንዲጠብቃቸው ታዘዘ። ችግኝ ተተክሎ ነበር፤ ግን ከጉልበት አይበልጥም። ሰብሳቢው በመኪና ሆኖ መንገዱን አየው። እንግዳ በእግሩ አይሄድም፣ ዛፉ ቢያንስ መስኮት መድረስ አለበት አለ። ኮሚቴው ተጨነቀ። ዛፍ በሁለት ሳምንት ያን ያህል የሚያሳድግ ውሳኔ ገና አልተገኘም ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ግን ከኮተቤ በላይ፣ በመንግሥት ገንዘብ የታጠረ፣ የሰው ቁመት ያለው ጥድ መኖሩን አስታወሰ። ያ ሰው የእኛው ኃላፊ ነበር።

ዘበኛው ጠዋት በእግራቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አልቀመጥም ብለው በመታጠቢያ ቤቱ በር ቆመው ነገሩን ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ጥዶቹን መንግሥት ወሰዳቸው።»

የጭነት መኪናዎች፣ መጥረቢያ የያዙ ሰዎችና ማኅተም ያለበት ወረቀት መጥተው ነበር። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ማኅተሙን አሳይተዋቸዋል። መኪና እስኪሞላ ከበሩ ጀምሮ ወደ ላይ ቆርጠዋል፤ ግማሹ ሲቀር መኪናዎቹ ሞሉ።

በመሥሪያ ቤቱ ጂፕ ወጣን። ጉቶዎቹ ገና ነጭ ነበሩ፤ ሽታቸው ከመንገዱ ይሰማል። የቆርቆሮ ቁጥሮቹ ሣሩ ላይ ተበትነዋል፤ ሲቆርጡ ያስቸገራቸውን ሽቦ በጥንቃቄ ፈትተው ጥለውታል። አጋሙንም ለመኪናው መግቢያ ብለው መንጥረውታል። ዶክተሩ ከጉቶ ወደ ጉቶ እየሄዱ በጣታቸው ዳሰሱ። ወይራው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ የሐበሻ ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አበቃ አሉኝ። ይህን የነገሩኝ እንደማላውቅ አድርገው ነው። ለራሳቸው ይመስለኛል የተናገሩት።

ስንመለስ በመገናኛ አድርገን በቦሌ መንገድ አለፍን። ጥዶቹ ቆመዋል። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ግንድ ተተክሎ አፈሩ በእግር ተረግጧል፤ ወጣቶች ግንዱን እስከ ጉልበት ኖራ ይቀቡታል፤ ከኋላቸው የውሃ ቦቴ እየተንፏቀቀ ያጠጣል። በየስልክ እንጨቱ፣ የተተከለ ዛፍ የነካ ወይም የነቀለ በአሻጥር ይጠየቃል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ወሎ ሰፈር ላይ ዶክተሩ ወርደው አንዱን ሊያዩ ሲጠጉ፣ ጠብመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ በትሕትና፣ «ጓድ፣ ዛፍ አይነካም» አላቸው። እንዴት ያለ የደን ፍቅር ነው አልኩ በሆዴ።

እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። ጥዶቹ አረንጓዴ ነበሩ። ለገና ጥድ ቆርጦ ቤቱ ያቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጥድ ቅጠል መሞቱን ለማመን ጊዜ ይወስድበታል። እንግዶቹ ከሄዱ ሦስት ሳምንት በኋላም አረንጓዴ ናቸው። ኮሚቴው ይህን ሲያይ ልቡ ሞላ። የተተከለው ሁሉ አንድ ሳይቀር ጸድቋል ብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት ላከ። ሁሉም የጸደቀበት ተከላ ከዚያ በፊት በአገሪቱ ታይቶ አያውቅም። ሰብሳቢው የምስክር ወረቀት ተሸለመ። በሪፖርቱ ላይ ዘዴው «በአገር ውስጥ ተመራማሪ በሳይንስ የተደገፈ» መሆኑ ተጠቅሶ የዶክተሩ ስም ገብቷል። ኃላፊያችን ሪፖርቱን ይዞ መታጠቢያ ቤት ድረስ መጥቶ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው።

ኅዳር ላይ የጥዶቹ ቅጠል መዛግ ጀመረ። መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ ጎኑ፣ ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መንገዱ የሻይ ቅጠል መሰለ። ቦቴው ግን ማጠጣቱን አላቆመም፤ አቁም ያለው የለም።

ስብሰባው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቀበሌዎቹን በሚያስተዳድረው በከፍተኛው አዳራሽ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፦ አሻጥር። ዶክተሩ የቦታውን ካርታ እንድይዝላቸው ስለፈለጉ አብሬ ገባሁ። የቦቴው ሾፌሮች ውሃው ንጹሕ እንደነበር ማሉ፤ ኖራ ቀቢዎቹ ኖራው የመንግሥት እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ ዶክተሩ ዞረ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጥፋቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ገብቶታል፤ ከዶክተሩ ጎን የነበሩት ወንበሮች ቀስ እያሉ ተንሸራትተዋል።

«ጓድ ዶክተር፣ ዛፎቹ ለምን ደረቁ?»

«ሥር ስለሌላቸው።»

«ሥር የሌለው ዛፍ አለ እንዴ?»

«አለ። የተቆረጠ ዛፍ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። ሰብሳቢው አልተቆጣም። ሪፖርቱን ገልጦ፣ በዚህ ዕለት ሁሉም ጸድቀዋል ይላል፤ ስለዚህ በዚህ ዕለት ሥር ነበራቸው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥሩን ማን ቆረጠው አለ። እንዲህ ያለ ማስረጃ በምን ይመከታል?

ዶክተሩ፣ ከበሩ ውጭ መንገዱ አለ፣ አንዱን ነቅላችሁ እዩት አሉ።

እዚህ ላይ ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ረድፍ አየ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ጫማውን አየ። ዛፉ በሪፖርት ቆሟል፤ የቆመ ዛፍ መንቀል አሻጥር ነው፤ ማስታወቂያውን የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። ለመንቀል ከበላይ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ የጸደቀ ዛፍ ለምን እንደሚነቀል መግለጽ ያስፈልጋል። ሁሉም አስቦ አስቦ እዚያው ደረሰ። በእጅ ሳብ ቢደረግ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ደረቅ እንጨት ያን ሁሉ ባለሥልጣን አሸንፎ በር ላይ ቆመ። ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

በረንዳው ላይ ሰብሳቢው ዶክተሩን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጎን አደረጋቸው። እኔ ካርታውን ጠቅልዬ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ፤ እንደ ወንበር ስለቆጠረኝ ድምፁን አልቀነሰም።

«ዶክተር፣ እኔ ሰው ማሰር አልወድም» አለ። «ጥር ላይ ደግሞ ሌላ እንግዳ አለ፤ መንገዱ እንዲህ ሆኖ አይቆይም። አንዱ መፍትሔ ኮረብታው ላይ የቀሩት ጥዶች ናቸው። ሌላው ደግሞ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንሱ ምን እንዲል ነው?»

«ጥድ ለአስፋልት አይሆንም ይበል። በቃ። ያኔ ጥፋቱ የዛፉ ነው፤ ዛፍ ደግሞ አይታሰርም። እኛም ከችግኝ ጣቢያ ሌላ ነገር አምጥተን እንተክላለን። የእርስዎንም አጥር የሚነካ አይኖርም፣ ለዚህ እኔ አለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው አንድ ገጽ ጻፉ። ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ ዓመት የሚፈጅባቸው ሰው ይህን የጨረሱት የፈላው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው። ወደ ታይፕ ክፍል እንድወስደው ሰጡኝና አነበብኩት። የሐበሻ ጥድ በከተማ መንገድ ዳር ሲተከል ከአስፋልት የሚነሣውን ሙቀትና የመኪና ጭስ ስለማይችል ይደርቃል፤ ስለዚህ ለከተማ ተከላ አይመከርም ይላል። ልኬት የለውም፣ ቦታ የለውም፣ ግራፍ የለውም። ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን፣ ዶክተር፣ ይህ እኮ ልክ አይደለም አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «የቀሩት ግን ሥር አላቸው።»

እንግዲህ እዚህ አገር ጥናት እንዴት እንደሚነበብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ገጿ በስቴንስል ተባዝታ ለየክፍለ ሀገሩ ተላከች። የዐሥር ዓመት ልኬታቸውን ጠረጴዛ ማስደገፊያ ያደረጉ ሰዎች ይህችን ሸመደዷት። የልማት ሠራተኞች በሥልጠና ተማሯት። አጭር ናት፣ አታሳስብም፣ አትትከል ትላለች፤ አለመትከል ደግሞ ሁሉም የሚችለው ሥራ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለ አንድ ችግኝ ጣቢያ የሐበሻ ጥድ መደቦቹን ገልብጦ የፈረንጅ ጥድ ዘራባቸው። በቆላ የሚገኝ፣ ጥድ በቅሎበት የማያውቅ ከተማ ሳይቀር መመሪያውን ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ማድረጉን በደብዳቤ አሳወቀ። የዶክተሩ ስም በአንድ ዓመት ውስጥ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከተጠራው በላይ ተጠራ። ኃላፊያችን ከመታጠቢያ ቤቱ አውጥቶ መስኮት ያለው ክፍል ሰጣቸው።

ሰብሳቢው በቃሉ ጸና፤ ይህን አልክድም። አጥሩን የነካ አልነበረም። የተቆረጠው ግማሽ በፍየል እንዳይጠፋ ሽማግሌው ከልክለው አጋሙ መልሶ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ያልተቆረጠው ግማሽ ደግሞ ከሰው ቁመት አለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከቦሌ በስተምሥራቅ አዲስ ቤቶች የሚሠሩበት ሜዳ ምን ይተከልበት የሚል ዐውደ ጥናት ተደረገ። ዶክተሩ የሐበሻ ጥድና ወይራ ከነቁጥቋጦው ይሁን ብለው ረጅም ጽሑፍ አቀረቡ። ግራፎቹን ሳምንት ሙሉ ስሠራቸው ነው የከረምኩት። ሲጨርሱ አንድ ወጣት ባለሙያ እጁን አወጣ። ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ፣ ክራባቱ አዲስ፣ ንግግሩ ጨዋ ነው። የዶክተሩ ሥራ አድናቂ መሆኑን፣ ሙያውን የመረጠውም በእሳቸው ምክንያት እንደሆነ ተናግሮ፣ «ሐሳቡን የምቃወመው የእርስዎኑ ጥናት ጠቅሼ ነው» አለ። ገጿን ከነነጥቧ በቃሉ አነበነባት።

ሰብሳቢው ሹመት ጨምሮ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወደ ኋላ ዞሮ ዶክተሩን አያቸው። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ባለሱቅ የሸጠው ዕቃ ይመለስብኝ ይሆን ብሎ እንደሚያየው ነበር።

ዶክተሩ ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «ልክ ነው፣ እንደዚያ ተጽፏል» ብለው ተቀመጡ። ሜዳው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ተወሰነለት።

ወጣቱ ውጭ ጠብቆን ነበር። የአስፋልት ሙቀት ጥድን እንዴት እንደሚያደርቅ ለከፍተኛ ዲግሪው ሊያጠና ይፈልጋል፤ አማካሪ ይሁኑኝ አለ። እርስዎ የደረሱበት ላይ ጥቂት ለመጨመር ያህል ነው አለ፣ በትሕትና። ዶክተሩ ሥራ እንደበዛባቸው ነገሩት። እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

ጂፑ ውስጥ፣ ኮረብታው ቅርብ ነው፣ ልጁ ቅን ይመስላል፣ ወስደው ቢያሳዩት በአንድ ቀን ይገባው ነበር አልኳቸው።

«ካየው ይወደዋል» አሉ። «ከወደደው ይጽፈዋል። ከጻፈው እነሱ ያነቡታል።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቦታ አንድ መስመር አላሳተሙም። ያስለመዱትን የየዓመቱን ልኬት ከሚጠብቅ የውጭ መጽሔት ደብዳቤ ሲመጣ፣ ቦታው ለጥናት ማገልገሉን አቁሟል የሚል መልስ ያስጽፉኛል። አንዳንድ ቅዳሜ ግን ከሽማግሌው ጋር ወጥተን እንለካለን። ጥዶቹ ደኅና ናቸው። የአገራችን ሳይንስ የማያውቃቸው በመሆኑ ደኅና ናቸው።